ጋሽ ፈገግ ለሣጥኑ ነፍስ ሲመርጥ

ጋሽ ፈገግ ራሱ ፈገግ ብሎ የተነሣው ፎቶ የለም። ስሙን ያተረፈው ሌላውን ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ፈገግ በሉ! ፈገግ!» እያለ ሲያዝ ኖሮ ነው። ለሙሽራም፣ ለተመራቂም፣ ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ ለመጣ ሹፌርም ትእዛዙ አንድ ነበር፤ እሱ ግን ከካሜራው ኋላ ሆኖ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ፊቱን ይቋጥራል። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ዛሬ የሚያውቁት ሚስቱና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ናቸው።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላታል። ባልና ሚስቱ የሰፈሩን ሰው ተከፋፍለው ነው የያዙት፤ እሷ ወደ ዓለም ሲመጣ ትቀበለዋለች፣ እሱ ደግሞ ዓለሙን ሲያይ ያነሣዋል። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንድ ጎልማሳ በበራቸው ሲያልፍ እሷ፣ «ይኼ እኮ በእግሩ የመጣው ነው፤ ስንት ሰዓት አስጨነቀን» ትላለች። እሱም፣ «በሠርጉም ቀን ያው ነው፤ ዓይኑን እየጨፈነ ሲያስለፋኝ ዋለ» ይላል።

ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነ ጊዜ ስቱዲዮው ተዘጋ። ጋሽ ፈገግ መጋረጃዎቹን ለልብስ ሰፊው ሰጠ፣ ትልቁን ክብ የግድግዳ ሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለ፣ የዕድሜውን ሥራ ደግሞ በአንድ የጫማ ካርቶን ይዞ ቤቱ ገባ። ካርቶኑ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሃርድ ዲስኮች ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ እትዬ ከክሊኒክ ባመጣችው የቁስል ፕላስተር «ሠርግ፣ የመጀመሪያዎቹ»፣ «ምርቃትና ልደት»፣ «ልዩ ልዩ፣ እንዳይነካ» ተብሎ ተጽፎ ተለጥፏል። ካርቶኑ ቁም ሣጥን አናት ላይ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ጋሽ ፈገግም፣ ፎቶ ዳቦ አይደል አይሻግትም ብሎ ዘና ብሎ ኖረ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከዲስኮቹ አንዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካው «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…» የሚል ድምፅ ሰማ። ነቅሎ ሰካው፤ ቀጭ። ወዘወዘው፤ ቀጭ። በመጨረሻ እትዬን ጠራ። እሷም ከመሳቢያዋ የልብ ማዳመጫዋን አውጥታ፣ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ዲስኩን ግራና ቀኝ አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች።

«መምታቱን ይመታል፤» አለች። «ግን ዝም ብሎ ነው የሚመታው። ሰውዬው የለም።»

ዲስኩ ውስጥ ሃያ ሁለት ሠርግ ነበር።

ጋሽ ፈገግ ሁለት ቀን እህል በአግባቡ አልበላም። በሦስተኛው ቀን ኮቱን ለበሰና ከሃያ ሁለቱ ሙሽሮች መካከል ቅርብ ወዳለችው ወደ ዳቦ ቤቷ ባለቤት ሄደ፤ ኃጢአቱን ሊናዘዝ። ሴትዮዋ ከምድጃው ትሪ እየሳበች ነበር።

«አንድ መጥፎ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት፤» አለ ኮፍያውን አውልቆ። «የሠርግሽ ፎቶ… ዲስኩ ሞተ። አንድም አልቀረም።»

ሴትዮዋ ትሪውን አስቀመጠች። «የትኛው ሠርጌ?»

«የ… የመጀመሪያው።»

«እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። «አንተ ነህ ያስቀመጥከው እንጂ እኔማ የራሴን ቀድጄ ከጨረስኩ ቆየሁ!» ትኩስ ዳቦ ሁለት አድርጋ በወረቀት ጠቅልላ አሸክማ ሸኘችው።

ዳቦውን ለእትዬ ሰጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ይቺ ተገላገለች። ግን የቀሩት ሃያ አንዱ ሁሉ ባሎቻቸውን ፈትተዋል ብዬ ልተኛ?»

«አሥራ ስምንት ዲስክ ደግሞ ገና አለ፤» አለች እትዬ ዳቦውን እየቆረሰች። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ፋርማሲስት የሆነችው ልጃቸው ነገሩን ስትሰማ በሳምንቱ አራት አዳዲስ ዲስኮችና አንድ ጥቁር ሣጥን ይዛ መጣች። ቁመቱ እንደ ጫማ ካርቶኑ ነው፤ ፊት ለፊቱ ዲስክ የሚገባባቸው አራት መሳቢያዎች አሉት። ከዋይፋዩ መሣሪያ ጋር በገመድ ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ ያለ ስልክም ኮምፒውተርም እሱ ውስጥ ያለውን ፎቶ ማየት ይችላል። ፎቶው በሁለት ዲስክ ላይ እኩል ስለሚጻፍ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። እትዬ ሣጥኑን በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ መዘነችው። «ሦስት ኪሎ ከግማሽ፤» አለች። «ጤነኛ ነው።»

ጤነኛውን ሣጥን ጋሽ ፈገግ መብራት ላይ ሰካው። አንዲት ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለ። ወደ ሱቁ ደወለ።

«ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭነውበታል?» አለ ሻጩ።

«ምን ልጫንበት? ዲስኩን ነው የጫንኩበት።»

«አይ፣ ሣጥኑ ባዶውን ነው የሚመጣው። የሚያሠራውን ፕሮግራም ራስዎ መርጠው ነው የሚያስገቡለት። ብዙ ዓይነት አለ፤ እንደ ፍላጎትዎ ነው።»

ጋሽ ፈገግ ስልኩን ዘጋና ወደ ሚስቱ ዞረ። «አካሉ ነው የተሰጠን። ነፍሱን እኛ ነን የምንመርጥለት።»

«አርባ ዓመት ስሠራ፣» አለች እትዬ፣ «ነፍስ ተመርጦ ሲገባ አላየሁም። ይዞ ነው የሚመጣው።»

በቤተሰቡ ውስጥ ኮምፒውተር አዋቂ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ችግሩም የጀመረው ሁለት መሆናቸው ላይ ነው። አንደኛው አማቹ ነው፣ የልጁ ባል። በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፤ እሑድም ቢሆን ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቶ፣ ነገር ሲያስረዳ ጣቱን እየቆጠረ የሚያወራ ሰው ነው። ሁለተኛው የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው። የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ፀጉሩ አልቆ ራሱ እንደ ሳህን ያበራል፤ ሰው ሁሉ ኬብል ይለዋል። ኬብል ዕቃ አይገዛም፣ ይሠራል እንጂ። የራሱን ቤት የበር ደወል በእጁ ስለሠራው እንግዳ በደወለ ቁጥር ኩሽና ያለው ራዲዮ ይከፈታል። አማቹና ኬብል ዓይንና ናጫ ናቸው።

እሑድ ምሳ ላይ ጋሽ ፈገግ የሣጥኑን ነገር አነሣ። አነሣ እንጂ አልጨረሰውም።

«አባባ፣ ይኼ እኮ የሚያከራክር አይደለም፤» አለ አማቹ አንድ ጣቱን አቁሞ። «እኔ የማመጣልዎትን ይጫኑ። ሁሉ ነገሩ ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው። ያምራል፣ በስልክ ይከፈታል፣ የሰዎቹን ፊት ራሱ እየለየ አልበም ይሠራል። እርስዎ ቁጭ ብለው ማየት ብቻ ነው።»

«ቁጭ ብሎ ማየት!» አለ ኬብል ሹካውን አስቀምጦ። «ጋሼ፣ የሰው ቤት ተከራይተህ መኖር ከፈለግህ እሱን ስማ። ውስጡ ምን እንዳለ አታይ፣ ባለቤቶቹ ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ አንተም አብረህ ትለወጣለህ። የእኔ ግን ክፍት ነው። እያንዳንዷን ፎቶ እየዞረ፣ ታማ እንደሆነ ይመረምራል። ሊቅ ነው፣ ሊቅ!»

«ሊቅነቱን አልካድኩም። ለማናገር ግን ሌላ ሊቅ መቅጠር ያስፈልጋል።»

«ለሰነፍ ሰው ፊደልም ሊቅ ይፈልጋል።»

«ጋሽ ኬብል፣ እርስዎ የእኔን ዋይፋይ ካስተካከሉልኝ ወዲህ እኮ ቴሌቪዥኔን ስከፍት የጎረቤቴ ጋራዥ ነው የሚከፈተው።»

«ይከፈታል ማለት ሲግናሉ ጠንካራ ነው ማለት ነው!»

«እኔ የምፈልገው…» አለ ጋሽ ፈገግ። ማንም አልሰማውም። ውኃ ተጎንጭቶ፣ «እኔ እንኳ…» አለ። አሁንም የለም። ልጁ ከሳህኗ ቀና ሳትል፣ «እናንተ ሁለታችሁ መድኃኒት ብትሆኑ ለአንድ በሽተኛ አብሬ አልሰጣችሁም ነበር» አለች።

እትዬ በማንኪያ ብርጭቆዋን መታች፤ ጸጥ አሉ። አርባ ዓመት የሚጮኹ ሰዎችን ጸጥ ስታሰኝ የኖረች ሴት ናት።

«ማዋለጃ ክፍላችን አዲስ መሣሪያ ሲመጣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ሲሠራ ምን ያደርጋል አይደለም። ሲበላሽ ምን ያደርጋል ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሳምንት አላችሁ። ጫኑት። ፎቶ ይግባበት፤ ዋናው ግን ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ እኔ በፈለግኩት ቀን፣ ለማንም ሳልናገር፣ አንድ ዲስክ መዝዤ አወጣለሁ። እናያለን።»

ሁለቱ አዋቂዎች ተያዩ። ምጥ የያዛት ሴት ባል እንደሚፈራው ነው የፈሩት።

የመጀመሪያው ሳምንት የአማቹ ሆነ። የአማቹን ፕሮግራም ኬብል ገና ሳያየው «ባለ ክራቫቱ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸና። እውነትም ያምር ነበር። አማቹ ሰኞ ከሥራ መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጭኖ ሄደ። ማክሰኞ ጋሽ ፈገግ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ለሙከራ የገቡት ሙሽሮች ሁሉ በቀለም ተንቆጥቁጠው ጠበቁት፤ ደስ ብሎት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ፊት መለየቱንም ጀምሮ ነበር። ባለ ክራቫቱ እያንዳንዱን ሰው በራሱ አልበም ካስቀመጠ በኋላ አንዲት ሴት ላይ ሲደርስ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ሰጣት። ነጭ ቀሚስና ነጭ መሸፈኛ የለበሰችውን ሙሽራ ሁሉ አንድ ሰው ናት ብሎ ወስኗል።

«ምን ያለች ሴት ናት!» አለች እትዬ ገልበጥ ገልበጥ እያደረገች። «በየሳምንቱ ታገባለች፤ ጸጸት የላትም።»

ከዚያ የባሰው የኬብል አልበም ነው። በሰባ ሦስት ፎቶ ላይ ተገኝቷል። ከሰባ ሦስቱ ግን ሰባ ሁለቱ ላይ ያለው እሱ ሳይሆን ስቱዲዮው ውስጥ ተሰቅሎ የነበረው ክብ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ኬብል በቴሌፎን ሲነገረው፣ «ስንት ሰዓት ይላል?» ብሎ ጠየቀና ዘጋ። ባለ ክራቫቱን ይቅር ሳይለው ቀረ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ እትዬ መሐረብ አጥባ ስታሰጣ ቆይታ፣ እጇን አደራርቃ ገባችና አንዱን መሳቢያ ስባ አወጣችው። ሣጥኑ ጮኸ። ጩኸትም አይደል፣ «ጢጢጢጢጢ!» እያለ ቤቱን አናጋው። ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ሰሌዳ ወጣ። ጋሽ ፈገግ መነጽሩን አድርጎ፣ መዝገበ ቃላቱን ይዞ አነበበው፤ ሲፈታ «እባክዎ አስተዳዳሪዎን ያነጋግሩ» የሚል ነው።

«አስተዳዳሪው ማን ነው?» አለች እትዬ ጆሮዋን ይዛ።

«አማቻችን ሲጭነው ‹አስተዳዳሪ› የሚለው ላይ የእኔን ስም ነው የጻፈው።»

«እንግዲያውስ አነጋግረዋ!»

«ማንን?»

ለአማቹ ደወሉለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ማታ ሲመጣ ነው ምክንያቱን ያወቁት። ባለ ክራቫቱ ዲስኩ በወጣበት ቅጽበት ለአማቹ ስልክ አርባ ሰባት መልእክት አከታትሎ ልኮለታል። እሱ ደግሞ ከዋናው ሥራ አስኪያጅ ፊት ስብሰባ ላይ ነበርና ስልኩ እንደ ንብ ቀፎ ሲነዝርበት ደንግጦ አጠፋው። ሣጥኑ እስከ ቀትር ጮኸ። ዝም ያሰኘችው እትዬ ናት፤ ከመብራቱ ነቅላ።

ሁለተኛው ሳምንት የሊቁ ነበር። ኬብል ሰኞ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ገባና እስከ ረቡዕ አልወጣም። ሶፋው ላይ እያደረ ነው የጫነው። የሣጥኑን ሜሞሪ አስቀየረ፣ አንዱን ዲስክ ከሌላው ጥፍር በምታህል ያንሳል ብሎ ሊቁ እምቢ ስላለ ሌላ ዲስክ አስመጣ፣ ለጋሽ ፈገግ ደግሞ አሥራ አራት ገጽ መመሪያ በእጁ ጻፈለት። የመጀመሪያው ገጽ «አንደኛ፦ አትቸኩል» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ጋሽ ፈገግ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሐሙስ ኬብል ሥራው ላይ ወጣ። ጋሽ ፈገግ ብቻውን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «ሠርግ፣ የመጀመሪያዎቹ» የሚለውን ማህደር ጠቅ ሲያደርግ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ወጣች። በመዝገበ ቃላቱ ፈታት። «ፈቃድ የለህም።»

«እትዬ!» ብሎ ተጣራ። «ነይ ጉድሽን እይ! እኔ ያነሣሁት፣ እኔ ያጠብኩት፣ ከፀሐይ የሸሸግኩት ፎቶ! ፈቃድ የለህም ይለኛል!»

«ማን ነኝ ብለህ ነው የገባኸው?»

«ራሴን ነኝ ብዬ!»

«ምናልባት አንተ መሆንህን አላመነም።»

አርብ እትዬ ዲስኩን መዘዘች። እንደ መብረቅ የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል ብላ ሁለቱን ጆሮዎቿን በጣቷ ደፍና ጠበቀች። ምንም የለም። ሣጥኑ ጸጥ፣ ኮምፒውተሩም ጸጥ። ሰዓቷን አየች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። «ይኼኛው ከነአካቴው አያለቅስም፤» አለች። «የማያለቅስ ደግሞ እኔ አልወድም።»

ጋሽ ፈገግ ለኬብል ደወለ። ኬብል ከከተማ ውጪ ምሰሶ ላይ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ ነፋስ ያፏጫል።

«ያውቃል፣ ያውቃል!» እያለ ጮኸ ኬብል። «ዲስኩ መውጣቱን ገና ድሮ ነው ያወቀው! ውስጥ ለውስጥ መዝግቦታል!»

«እሱ ካወቀ ለእኔ ምን ጠቀመኝ? ለእኔ ለምን አይነግረኝም?»

«ስላልጠየቅኸው ነዋ! ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን ማያ ክፈት። የምልህን ጻፍ።» ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይነግረው ጀመር። «አሁን ሰረዝ!»

«አጭሩን ነው ረጅሙን?»

«አጭሩን! አሁን ክፍተት ተው!»

«እሺ፣ ተውኩት።»

ሊቁ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም ብሎ መለሰ። እንደገና ጻፉ። እንደገና አላውቅም አለ። በአራተኛው ላይ ኬብል ምሰሶውን በእግሩ ቆልፎ፣ ሁለት እጁን ለስልኩ ሰጥቶ፣ «ክፍተቱን ምን አደረግኸው?» አለ።

«ተው አላልከኝም? ተውኩታ! አያይዤ ነው የጻፍኩት።»

ምሰሶው ሥር የነበሩት የኬብል የሥራ ጓዶች ያን ቀን ያን ያህል የረዘመ ስድብ ከላይ ሲወርድ የሰሙት ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ቀሩ።

ያን ቅዳሜ ጋሽ ፈገግ ተስፋ ቆርጦ ሣጥኑን ጨርቅ አለበሰው። የጫማ ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቆየ። ያሳፈረው ሁለቱ አዋቂዎች ሳይሆኑ ራሱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው በእሱ ተማምኖ ፊቱን ሰጥቶታል፤ አሁን ያን ፊት አደራ የሚሰጠው ለማያውቀው ነገር ነው፤ የትኛው እንደሚሻልም ሲጠየቅ «እነሱ ያውቃሉ» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ይህን ለእትዬ አልነገራትም። እሷ ግን ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ ስታይ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ «ማክሰኞ ከእኔ ጋር ክሊኒክ ትመጣለህ» አለችው።

እትዬ በየማክሰኞው ወጣት አዋላጆችን ለማስተማር ወደ ድሮ ክሊኒኳ ትሄዳለች። የክሊኒኩ መዝገብ ቤት ኃላፊ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ ከወረቀት ድምፅ የማይበልጥ ሴት ናት። ከበስተኋላዋ መደርደሪያው ላይ፣ ከፋይሎቹ መካከል የጋሽ ፈገግ ሣጥን ታላቅ ወንድም የሚመስል አሮጌ ሣጥን ተቀምጧል። የሃያ ሺህ እናቶች ካርድ ምስል እዚያ ነው ያለው።

ጋሽ ፈገግ የሁለቱን ሳምንት መከራ ሲያጫውታት ሳትስቅ አዳመጠችው። ሙሽሮቹ ላይ ሲደርስ ብቻ መነጽሯን ጠረገች።

«አባቴ፣ ሣጥኑ ቢበላሽ ማን ነው የሚያበጀው?» አለችው።

«አማቼ። ወይ የሚስቴ ወንድም።»

«አንደኛው ስብሰባ ላይ፣ ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ቢሆኑስ?»

ጋሽ ፈገግ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሁለቱም ያመጡልዎ ጥሩ ነው። መጥፎ የለውም። ግን እያንዳንዳቸው የመረጡት ለራሳቸው ነው። እዚያ ቤት ቀን በቀን ሣጥኑ አጠገብ የሚውለው እርስዎ ነዎት።» ወደ ራሷ ማያ አዞረችው። ግራጫ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ይመስላል፤ አራት መስመር አለው። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት አረንጓዴ ነጥብ። «ይኼ ፊት አይለይም፣ አልበም አይሠራም። ዲስክ ይጠብቃል፤ ሲታመም ቀይ ይሆናል። ዲስኩን አውጥተው ሌላ ተራ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩትም ፎቶውን ያገኙታል። ሌላ ሙያ የለውም።»

«አይ፣ ይበቃል፤» አለ ጋሽ ፈገግ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የተነገረው ነገር ሲገባው የመጀመሪያው ነበር።

«አንድ ነገር ግን፤» አለች ሴትዮዋ። «ሣጥን ውስጥ ገባ ብለው እጅዎን አጣጥፈው እንዳይቀመጡ። ዲስክ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ሣጥኑም ይሰረቃል፣ ቤትም ውኃ ይገባዋል። ሌላ ቅጂ በሌላ ሰው ቤት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።» አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በጽዱ ጽሕፈቷ አጫጫኑን ጻፈችለት። አንድ ገጽ፤ ያውም ጀርባው ባዶ።

ጋሽ ፈገግ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ማንንም ሳይጠራ ጀመረ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም፤ የቁልፍ ሰሌዳውን የሰካው ባልተገባ ቀዳዳ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ «ተሳክቷል» ብሎት ሊጨፍር ተነሣ፤ ቆይቶ ሲያየው ግን ፕሮግራሙን የጫነው ሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን እዚያው መጫኛው ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሹ ራሱን በራሱ ውጦ ቁጭ ብሏል። ሌላ ፍላሽ ከፋርማሲው ልጁ ላከችለት። በሦስተኛው፣ ፀሐይ ወደ በረንዳው ስትዞር፣ ግራጫው ቅጽ ብቅ አለ። አራት መስመር፣ አራት አረንጓዴ ነጥብ። እሱን ሊያሞግሰው ሳይሆን ሊያፌዝበት ኬብል ኋላ «ዝምተኛው» አለው። ጋሽ ፈገግ ግን ዝም አይነቅዝም ብሎ ስሙን ተቀበለው።

እትዬ ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ጋሽ ፈገግ የአንድ አናጢ ሠርግ እያየ ሳለ ከኋላው መጥታ መሳቢያውን ሳበችው። ሣጥኑ አንድ ጊዜ «ጢ» አለ። ከአራቱ ነጥቦች አንዱ ቀላ። ከሥሩ አንዲት መስመር መጣች፤ ጋሽ ፈገግ ግማሹን ያለ መዝገበ ቃላት አነበባት። «ዲስክ ሁለት የለም። ሥራው ቀጥሏል።» የአናጢው ሠርግ እውነትም እንደቀጠለ ነው፤ አማቶቹ እያለቀሱ፣ ኬኩ ሊወድቅ ጋደል እንዳለ።

እትዬ የእጅ ሰዓቷን እያየች ቆመች፤ አላገዘችውም። ጋሽ ፈገግ ዲስኩን ከእጇ ተቀብሎ መልሶ አስገባ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አምስተኛ መስመር በጣቱ ተከተለ፣ «አድስ» የሚለውን ተጫነ። ቁጥሩ ከመቶ አንድ፣ ከመቶ ሁለት እያለ መውጣት ጀመረ።

«አራት ደቂቃ፤» አለች እትዬ። «በሰላም ተገላገልክ።»

እሑድ ሲሰማ ታሪክ ተሠራ፤ አማቹና ኬብል በአንድ ነገር ተስማሙ። ዝምተኛውን ሲያዩት ሁለቱም እኩል ተቆጡ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ለዓይን እንኳ አያምርም!» አለ አማቹ።

«ፎቶዎቹንም እየዞረ አይመረምርም!» አለ ኬብል።

«ልክ ናቸው፤» አለ አማቹ ወደ ኬብል እያመለከተ።

«እሱም ልክ ነው፤» አለ ኬብል፣ የተናገረውን ራሱ ሰምቶ ደንገጥ እያለ።

«ፎቶ የሚያይ እኔ ነኝ፤ የሚመረምርም እኔ ነኝ፤» አለ ጋሽ ፈገግ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን በዚያ ማዕድ ላይ ሲጀምር አስጨርሰውት የተናገረው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለሆነ ሁሉም ዞረው አዩት። «ሁለት እግር አለኝ ብዬ ሁለት ዛፍ አልወጣም። ይኼን ይዣለሁ። እናንተን ግን ለሥራ እፈልጋችኋለሁ። ኬብል፣ ሁለተኛው ቅጂ አንተ ቤት ይቀመጣል። አንተ ደግሞ ልጄ፣ በየወሩ መጨረሻ መጥተህ ቅጂው እውነት ይከፈት እንደሆነ ታያለህ።»

ኬብል ዋናው ሥራ የማስቀመጡ ነው ብሎ ገመተ። አማቹም ዋናው የመቆጣጠሩ ነው ብሎ ገመተ። ሁለቱም ረክተው በሉ። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ አማቹ ኬብል ቤት ሲሄድና ደወሉን ሲጫን ራዲዮው ተከፈተ፤ ያንን ለማስተካከል ገብቶ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ አልወጣም ይላሉ። ምን እንዳደረጉ ሁለቱም አይናገሩም፤ ደወሉ አሁን ሲጫኑት ኩሽናው ውስጥ መብራት ይጠፋል።

አሥራ ስምንቱ ዲስኮች ወደ ሣጥኑ ሲገለበጡ አምስት ሳምንት ፈጀ። አሥራ ዘጠነኛው ዲስክ እንደሞተ ቀረ፤ ለእሱ መድኃኒት አልተገኘም። ስለዚህ ጋሽ ፈገግ ኮቱን ለብሶ ከዳቦ ቤቷ ባለቤት የቀሩትን ሃያ አንዱን ሙሽሮች በየቤታቸው ይዞር ገባ። በየቤቱ የታተመ አልበም ካለ ይለምናል፤ መስኮት አጠገብ ዘርግቶ ገጽ በገጽ መልሶ ያነሣዋል። አንዷ አልበሟን ለማሳየት ተቀምጣ ምሳ ሰዓት አሳለፈችው። አንድ ባል ፎቶዎቹን ሲያይ ሚስቱን «ያኔም እንዲህ ነበርሽ?» ብሎ ሁለቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቁና ሲታረቁ አዲስ ፎቶ አንሣን አሉት። የልብስ ሰፊው ቤት አልበሙ ተገኝቷል፤ ግን ልጆቹ በሙሽራው ፊት ላይ ሁሉ ጺም ሥለውበታል። ጋሽ ፈገግ እንደዚያው አነሣው።

ችግሩ፣ በሄደበት ቤት ሁሉ የሣጥኑ ነገር ይነሣል። «እኛስ ቤት ምን ብናስገባ ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁት ጋሽ ፈገግ ወንበሩን ያስጠጋና ስለ ባለ ክራቫቱ ጀምሮ በሊቁ በኩል ዞሮ ዝምተኛው ላይ እስኪደርስ ሻይ ሁለቴ ይቀዳል። ፀጉር አስተካካዩ ጥያቄውን የጠየቀው ጋሽ ፈገግ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግማሽ ራሱ ሲላጭ ነው፤ መልሱ ሲያልቅ ሌላው ደንበኛ ሰልችቶት ሄዷል። እትዬ አሁን አብራው ስትሄድ እግሩን በጠረጴዛው ሥር ትረግጠዋለች። እሱም «እሺ፣ በአጭሩ» ይልና እንደ አዲስ ይጀምራል።

እስካሁን አሥራ ሰባቱ ሠርግ ተመልሷል። የቀሩት አራት ናቸው። አንደኞቹ ባልና ሚስት ሌላ ከተማ ከገቡ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስልካቸውን ያገኘው ከሙሽራዋ አክስት ነው። አልበሙ እንዳለ፣ ግን በፖስታ ለመላክ እንደሚፈሩ ነገሩት። ጋሽ ፈገግም በመፍራታቸው ደስ አለው። ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሄዳል፤ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ነው፣ እትዬም መንገድ ላይ የሚበላ ቋጥራለታለች።